በርበሬው፣ በሩና ካሜራው

ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ እንሴኖን ያለፈ ሰው የበርበሬውን ቅላት አይረሳም። የማረቆ በርበሬ በየግቢው ሸራ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ለብዙ ቤተሰብ የዓመቱ ገንዘብ እሱ ነው፤ የልጅ ደብተር፣ የበዓል ልብስ፣ የብድር መክፈያ ሁሉ ከዚያ ሸራ ላይ ይወጣል። ድሮ የቤቱ ጎልማሳ ጋቢውን ተከናንቦ ከበርበሬው አጠገብ ያድር ነበር። ዛሬ ጎልማሳው መርካቶ ነው፣ ወይም ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፍቷል። ግቢው ውስጥ የቀሩት አንዲት እናትና ትምህርት ቤት የሚመላለስ የልጅ ልጅ ናቸው። የጥበቃ ካሜራ ወደ ሰፈራችን የገባው በዚህ ክፍተት ነው።

እኔ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሠራተኛ ነኝ። ካሜራ መግጠም ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። የመጀመሪያውን የገጠምኩት በአባቴ ግቢ ነበር። ማንም እንዳይነካው ብዬ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ መሰላሉ እስከደረሰበት ድረስ ወስጄ ሰቀልኩት። ግቢው በሙሉ ቁልጭ ብሎ ሲታይ ሥራዬን ወደድኩት። በዚያው ዓመት አንድ ሌሊት ሁለት ጆንያ በርበሬ ሄደ። ጠዋት ቤተሰቡ ሁሉ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ቅጂውን አየን። አንድ ኮፍያ ከላይ ይታያል፤ ከኮፍያው ሥር ትከሻ፣ ትከሻው ላይ ጆንያ። ፊት የለም። ከምስሉ ጥግ ላይ ያለው ቀን ደግሞ ጥር 1 ቀን 2000 ይላል፣ በፈረንጅ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የማሽኑ ሰዓት ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ነበር፤ ሰዓቱን የምትይዘው ክብ ባትሪ ሞታለች። የመጣው ፖሊስ «ይህ የትኛው ሌሊት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ የምመልሰው አልነበረኝም። አባቴ ብዙ አልተናገረም። «ልጄ፣ ይኼ ነገር ያያል፣ ግን አይመሰክርም» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ካሜራ ልግጠም ብሎ ሲጠራኝ ዋጋ ከመናገሬ በፊት አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ማየት የሚፈልጉት ምንድን ነው? «ሁሉንም» የሚሉኝ ይበዛሉ። ሁሉንም የሚያይ ካሜራ ግን ማንንም አይለይም። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ገበያ ላይ የተለመደው ባለ 2 ሜጋፒክሰል ካሜራ ምስሉን ወደ ጎን በ1920 ነጥቦች ይሥላል። በሙያው ዓለም አቀፍ ልክ መሠረት፣ የማናውቀውን ሰው ፊት በእርግጠኝነት ለመለየት በአንድ ሜትር ስፋት ውስጥ 250 ያህል ነጥብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ምስሉ የሚይዘው ቦታ ከ7 ሜትር ተኩል ብዙም መስፋት የለበትም። ባለ 2.8 ሚሊሜትር ሌንስ እጅግ ሰፊ ነው፤ ከካሜራው 3 ሜትር ገደማ የራቀ ሰው ላይ ሲደርስ ያ ልክ አልቋል። ባለ 6 ሚሊሜትሩ ጠበብ ያለ ነው፣ ግን እስከ 8 ሜትር ድረስ ፊት ይይዛል። አሁን ግቢውን በሰፊው የሚያይ አንድ ካሜራ፣ በሩን ብቻ የሚያይ ሌላ አንድ ጠባብ እገጥማለሁ። የበሩ ካሜራ ከመሬት ከ2 ሜትር ከ50 አይበልጥም። ሰው ይደርስበታል የሚል ስጋት አለ፣ እውነት ነው፤ ሊነካው የመጣ ሰው ግን ፊቱን ሰጥቶ ነው የሚነካው።

ስለ መሣሪያው አይነት ሰዎች ብዙ ይጨነቃሉ። እዚህ ብዙ ቤት የሚገባው በኬብል ዲቪአር ከሚባለው መቅጃ ማሽን ጋር የሚያያዘው ነው፤ ዋጋውም ጥገናውም ይቀላል። በኔትወርክ ኬብል የሚሠራው፣ ኤንቪአር የሚባል መቅጃ ያለው ካሜራ ምስሉ የተሻለ ነው፣ መብራቱም ምስሉም በአንድ ገመድ ይሄዳል። ባለ ሲም ካርድና ባለ ሶላሩ ካሜራ ለማሳ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቅጂውን የሚይዘው በሆዱ ባለች ሚሞሪ ካርድ ስለሆነ ሌባ ካሜራውን ነቅሎ ከወሰደው ማስረጃውም አብሮ ሄደ። ዲቪአርም ቢሆን ቴሌቪዥን ሥር የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። እኔ ጓዳ ውስጥ፣ አየር ማስገቢያ ባለው በሚቆለፍ የእንጨት ሣጥን ነው የማስቀምጠው።

እኔ የምጨነቀው በገመዱ ነው። «ካሜራው ቀን ይሠራል፣ ማታ ይጠፋል» የሚል ስልክ በተደጋጋሚ ይደወልልኛል። ካሜራውን ይራገማሉ፤ ካሜራው ግን ጤነኛ ነው። ሲመሽ ለዐይን የማይታየውን ብርሃን የሚሰጡት ትንንሽ አምፖሎች ይበራሉ፣ ካሜራው ብዙ ኃይል ይስባል። ገመዱ ቀጭንና ረጅም ከሆነ ከማሽኑ ሥር የተነሣው 12 ቮልት ካሜራው ጋ ሲደርስ 9 ወይም 10 ሆኖ ይደርሳል፣ ካሜራውም ይሞታል። ገመድ ስትገዙ ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርጉት። ከቀዩ ሥር ነጭ ከወጣ መዳብ አይደለም፤ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ሻጩ ቅር ቢለውም ፍቃችሁ እዩ።

የመብራቱን መጥፋት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አራት ካሜራና አንድ ዲቪአር ሲደመሩ 40 ዋት ገደማ ናቸው፤ ከአንድ ጎበዝ አምፖል አይበልጡም። ከኮምፒውተር ጋር የሚሸጠው ትንሽ ዩፒኤስ (የመጠባበቂያ ኃይል ሰጪ) ውስጥ ያለው ባትሪ ባለ 7 አምፔር ሰዓት ነው፤ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ያቆማቸዋል። ለሶላር የሚሸጠው ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግን ግማሹን ብቻ ብንጠቀም እንኳን ሌሊቱን ያሻግራል። ኢንተርኔት ከሌለ ካሜራ አይሠራም የሚል ወሬም አለ። ስህተት ነው። ቅጂው ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ከሩቅ በስልክ ለማየት ብቻ ነው። በትልቁ ጥራት አንድ ሰዓት ማየት እስከ 900 ሜጋባይት ይበላል፣ በትንሹ ጥራት ሩብ ጊጋባይት አይሞላም። ስልካችሁ ላይ ትንሹን ምረጡ።

ሃርድ ዲስኩም ዕድሜ አለው። አራት ካሜራ በመካከለኛ ጥራት ሌት ተቀን ሲቀርጹ በቀን 86 ጊጋባይት ያህል ይሞላሉ። አንድ ቴራባይት ዲስክ ስለዚህ 11 ቀን ይይዛል፤ በ12ኛው ቀን አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል። አንድ ደንበኛዬ ዕቃ መጥፋቱን ያወቀው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር፤ ማሽኑ ውስጥ የምንፈልገው ቀን አልነበረም። የጠፋ ነገር ካለ መጀመሪያ ቅጂውን በፍላሽ አውጡት፣ ሌላው ወሬ ከዚያ ይቀጥላል።

ሰዓቱ ላይ ደግሜ ልመለስ፣ ምክንያቱም ብዙ ማስረጃ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። ማሽኑ 02:00 ብሎ የሚጽፈውን እኛ ሌሊት 8 ሰዓት እንላለን። ይህን ሰው ቶሎ ይለምደዋል። የሚያሳስተው ቀኑ ነው። የማሽኑ ቀን የሚለወጠው ሌሊት በእኛ 6 ሰዓት ነው፤ የእኛ ግን ሲነጋ። «ማክሰኞ ሌሊት ነው የተሰረቅሁት» ያለ ሰው ማሽኑ ላይ ማክሰኞን ከፍቶ ሌሊቱን ሲፈልግ ያለፈውን ሌሊት ያያል፣ ምንም አያገኝም። ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከ6 ሰዓት በኋላ የሆነውን ማሽኑ የሚያስቀምጠው ረቡዕ ውስጥ ነው።

ከዚህ የሚከብድ አንድ ነገር ግን አለ፤ የሌሊት ምስል ቀለም አይናገርም። በዚያ በማይታየው ብርሃን ሁሉም ጥቁርና ነጭ ነው፣ ያውም ጥቁሩ ሁልጊዜ ጥቁር አይደለም። ብዙ ጥቁር ጃኬት ብርሃኑን ስለሚመልሰው ምስሉ ላይ ነጣ ብሎ ይታያል። ይህን በራሴ ልብስ ሞክሬዋለሁ፤ ጥቁር ሹራቤን ለብሼ ካሜራው ፊት ቆሜ፣ ስክሪኑ ላይ አመድማ ሹራብ የለበሰ ሰው አየሁ። እንደ እንሴኖ ባለች ሁሉም በሚተዋወቅባት ከተማ «ነጭ ጃኬት ያለው የእገሌ ልጅ ነው» ብሎ መናገር የአንድን ልጅ ስም ለዘለዓለም ያበላሻል። እባካችሁ፣ ፊት ካላያችሁ ስም አትጥሩ።

የቤት ካሜራን ታሪክ ሳነብ አንዲት ሴት አገኘሁ። ማሪ ቫን ብሪታን ብራውን ትባላለች፤ ኒው ዮርክ ውስጥ ኩዊንስ በሚባለው ሰፈር የምትኖር ጥቁር አሜሪካዊት ነርስ ነበረች። እሷም ባሏም የሥራ ሰዓታቸው የተዘበራረቀ ስለነበር ሌሊት ብቻዋን ስትሆን በሯን ማን እንደሚያንኳኳ ማወቅ ፈለገች። በ1966 (እ.ኤ.አ.) የኤሌክትሮኒክስ ሠራተኛ ከሆነው ባሏ ጋር ለፈጠራ መብት አመለከቱ፣ በ1969 መብቱ ተሰጣቸው። በበሩ ላይ ቀዳዳዎች፣ በቀዳዳዎቹ ፊት ከላይ ወደ ታች የሚንቀሳቀስ ካሜራ፣ መኝታ ቤት ውስጥ ስክሪን፣ ከውጭ ካለው ሰው ጋር መነጋገሪያ። ያቺ ሴት ካሜራዋን ያዞረችው ወደ ውጭ፣ ወደ በሩ ነው። ራሷን እንዲያይ አይደለም።

ይህን የማነሣው አንዲት እናት ስላስተማሩኝ ነው። ልጃቸው ከመርካቶ ደውሎ ሳሎን ውስጥ ካሜራ እንድገጥም አዘዘኝ። «ብቻቸውን ናቸው፣ ሥራ ላይ ሆኜ ላያቸው እፈልጋለሁ» አለ። ገጠምኩ። ከሳምንት በኋላ «ምስሉ ጨለመ» ብሎ ደወለ። ሄድኩ። ካሜራው ላይ ሻሽ ተጥሎበታል። «እማማ፣ ማን ጣለው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እኔ ነኝ» አሉ ሳይደብቁ። «ሳሎኔ ውስጥ ሻሼን አውልቄ እቀመጣለሁ፣ እግሬን እዘረጋለሁ፣ እሰግዳለሁ። የሚያየኝ ልጄ ብቻ ነው? ስልኩን ሚስቱ ትይዘዋለች፤ ሱቁ ውስጥ ጓደኞቹ አሉ። ቤቴ ውስጥ እንግዳ አስቀመጣችሁብኝ።»

ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ናፍቆትና ስጋት ነው ያሳሳተው። ካሜራውን ነቅዬ ወደ ግቢው በር ወሰድኩት። አሁን ሊያያቸው ሲፈልግ መጀመሪያ ይደውላል። እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ይወጡና በሩ ጋ ይቆሙለታል፤ እጃቸውን ያውለበልቡለታል። እኔም ከዚያ ወዲህ ሳሎንና መኝታ ቤት ውስጥ አልገጥምም፣ የቤቱ ባለቤት ራሳቸው ካልጠየቁኝ በቀር።

ጎረቤትም እንደዚያው ነው። በምዕራብ ጉራጌ ሰፈሮች ጀፎሮ የሚባለውን ሰፊ የሣር ሜዳ ያየ ሰው ያውቃል፤ ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊት ለፊት ቆመው ይተያያሉ። እዚያ የሚያይ ሰው ራሱም ይታያል። ካሜራ ግን አንድ ወገን ብቻ ያያል። ስለዚህ ስገጥም የጎረቤቱ በር ወይም መስኮት ምስሉ ውስጥ ከገባ በማሽኑ ላይ ያንን ቦታ በጥቁር እሸፍናለሁ፤ ሁሉም ዲቪአር ማለት ይቻላል ይህን ማድረግ ይችላል። ከዚያ ባለቤቱን «ጎረቤትዎን ይጥሩና ስክሪኑን ያሳዩአቸው» እላለሁ። ቡና ተፈልቶ አንዴ ከታየ ነገሩ ያልቃል። ሕጉም ቢሆን አለ፦ የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ለአደባባይ ማቅረብን ይከለክላል፣ አንቀጽ 28 ደግሞ ለፍትሕና ለፖሊስ ሥራ ሲያስፈልግ ይፈቅዳል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። የተጠረጠረ ሰው ምስል ቦታው ፖሊስ ጣቢያ ነው፤ ቴሌግራምና ቲክቶክ አይደለም።

የይለፍ ቃሉንም ነገር አትናቁ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ሚራይ የተባለ ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ከፋብሪካ የወጡበት የይለፍ ቃል ያልተቀየረላቸው ካሜራዎችንና ዲቪአሮችን በመቶ ሺዎች ወርሶ፣ በጥቅምት ወር ትዊተርና ኔትፍሊክስን ለብዙ ተጠቃሚዎች ለሰዓታት እንዳይከፈቱ አድርጎ ነበር። የገጠመላችሁ ሰው፣ እኔም ብሆን፣ ከሄደ በኋላ የይለፍ ቃሉን ራሳችሁ ቀይሩት።

ካሜራ ያላችሁ ሰዎች፣ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ሲጨልም አንዱ ልጅ ኮፍያ አድርጎ በበሩ ይግባ፣ ግቢውን ዞሮ ይውጣ። ከዚያ ማሽኑን ከፍታችሁ ፈልጉት። የልጁን ፊት ካላያችሁ ካሜራውን ዝቅ አድርጉት፤ ሰዓቱ ከስልካችሁ ጋር ካልገጠመ አስተካክሉት፤ የስምንት ቀን ቅጂ ከሌለ ዲስኩን አስመርምሩት። በርበሬው ሸራ ላይ ከመሰጣቱ በፊት ጊዜ አላችሁ።