ከመርፌው በኋላ ያሉት ሰከንዶች

ልጅ ሳለሁ አያቴ ልብስ ስትጥፍ መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት የእኔ ሥራ ነበር። የክሩን ጫፍ በምራቅ አሹዬ፣ ወደ በሩ ብርሃን ዞሬ፣ ትንፋሼን ይዤ እሞክራለሁ። ስስት አያቴ “ዓይንህን ምን ነካው?” ትለኛለች፤ እደግማለሁ። መሳት ምንም አያስከፍልም ነበር። ክር አይወጋማ።

አሁን አንዲት አዲስ ነርስ በሌሊት ተራዋ፣ በደብዛዛ መብራት፣ የዚህን ተገላቢጦሽ ስትሠራ አስቧት። በቀኝ እጇ ከታካሚ ክንድ ገና የወጣ መርፌ ይዛለች። በግራ እጇ ጣቶች መሐል ደግሞ አፉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ የፕላስቲክ ክዳን አለ። መርፌውን ልትከድን ነው። በሐኪም ቤት ቋንቋ “ሪካፕ ማድረግ” ይሉታል። የነርሲንግ ተማሪ “አታድርጉ” ተብሎ ይማረዋል፤ ዎርድ ሲገባ ግን ሲደረግ ያያል።

አደጋው ያለው ዒላማውን የያዘው የራሷ እጅ በመሆኑ ነው። የሳትኩት ክር ባዶ አየር ላይ ነበር የሚቀረው። ክዳኑን የሳተ መርፌ ግን ቀጣይ ማረፊያው ክዳኑን የያዙት ጣቶች ናቸው። ሁለቱም እጆች ይንቀሳቀሳሉ፣ ሁለቱም ደክመዋል፤ በዚያ ላይ ከወዲያኛው አልጋ አንዱ “ሲስተር፣ ግሉኮሱ አለቀ!” ሲል ዓይኗ ወደዚያ ይሄዳል። ክዳኑ ውስጥ ቢገባ እንኳ ገና አልተረፈችም። ዘመም ብሎ የገባ መርፌ ስሱን ፕላስቲክ በጎኑ በስቶ ሊወጣ ይችላል።

ታዲያ ሰው እያወቀ ለምን ይከድናል? ለረጅም ጊዜ ግዴለሽነት ይመስለኝ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ በ1988 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካዋ ተመራማሪ ጃኒን ጃገር ከባልደረቦቿ ጋር ያሳተመችው ጥናት ነው። በአንድ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የደረሱ 326 የመርፌ ውጋቶችን አንድ በአንድ መረመሩ። ሲሦ ያህሉ ከሪካፕ ጋር የተያያዘ ነበር። የተወጉት ሰዎች የሰጡት ምክንያት ግን ስንፍና አልነበረም፤ የከደኑት ሌላ አደጋ ፈርተው ነው። የተራቆተ መርፌ ይዞ በሰው መሐል ማለፍ ያስፈራል፤ የግሉኮስ ቱቦ ጫፍ ላይ የተሰካውን ደግሞ ሳይከድኑ መንቀል ይከብዳል። ቁጥሩም ይህንኑ ያሳያል፤ ከተገዙ 100,000 ተራ ሲሪንጆች ውጋት ያደረሱት 7 ያህሉ ሲሆኑ፣ ከግሉኮስ ቱቦ ጋር ከሚያያዙት መርፌዎች ግን 37 ያህሉ ናቸው። ሠራተኞቹ ያው ናቸው፤ የተለየው ዕቃው ነው።

ይህን ያነበበ ሰው ዎርድ ውስጥ ያለውን ቁጣ በሌላ ጆሮ ይሰማዋል። አንጋፋዋ ነርስ ተማሪዋን “ክደኚው እንጂ፣ ሰው ልትወጊ ነው እኮ!” ብትላት ሞኝነት አይደለም። ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሳጥን ኮሪደሩ ጫፍ ከሆነ፣ ያንን ሁሉ መንገድ የተራቆተ መርፌ ይዞ መሄድ እውነትም ያሰጋል። ስህተቱ የተጀመረው ገና መርፌው ሳይከፈት፣ ሳጥኑ ከአጠገብ ባለመኖሩ ነው። በእኛ አገር ታላቅን ፊት ለፊት “ተሳስተዋል” ማለት ለአዲስ ሰው ከባድ ነው፤ በታካሚ ፊት ደግሞ ይብሳል። “ሲስተር፣ መጀመሪያ ሳጥኑን ላምጣልዎት?” ማለት ግን አያስቀይምም፤ ሥራውንም ይሠራል። መክደን ግድ ከሆነ ደግሞ ክዳኑን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ በአንድ እጅ መርፌውን ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። ሌላኛው እጅ ከጀርባ ይቆያል።

ወደ ደሙ እንምጣ። የሲሪንጅ መርፌ ውስጡ ባዶ ቱቦ ነው፤ ደም ይዞ ይቀራል። በጓንት ውስጥ ሲያልፍ ከላዩ ያለው ደም ይጠረጋል እንጂ ከቱቦው ውስጥ ያለው አይነካም፤ ስለዚህ ጓንት ደሙን ይቀንሳል፣ መርፌውን ግን አያቆምም። ተማሪ ሁሉ የሚፈራው ኤች አይ ቪን ነው። ቫይረሱ ካለበት ሰው በወጣ መርፌ የተወጋ ሰው የመያዝ ዕድሉ ከ1000 ውጋት 3 ገደማ ነው። ለሄፓታይተስ ሲ ከ100 ውጋት 2 አይሞላም። ላልተከተበ ሰው ሄፓታይተስ ቢ ግን ሁለቱንም በሩቅ ይበልጣል፦ ከ100 ውጋት ከ6 እስከ 30። ከዚያ በላይ ይህ ቫይረስ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ 7 ቀን ሳይሞት ይቆያል። የሚገርመው፣ ከሦስቱ ክትባት ያለው ለዚሁ ለክፉው ብቻ ነው። ክትባቱ በተለምዶ በሦስት ዙር ይሰጣል፤ ሁለተኛው ከወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር። ተማሪው ዎርድ ከመግባቱ በፊት መጨረስ ከፈለገ ቀኑን ወደ ኋላ መቁጠር አለበት።

ከተወጋችስ? ቁስሉን በውሃና በሳሙና ትጠበው፤ መጭመቅ አያስፈልግም፣ በረኪናም አይነካውም። ከዚያ ወዲያውኑ ትናገር። ለኤች አይ ቪ መከላከያ የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ የተሻለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። በ1997 በታተመ ጥናት፣ ያኔ የነበረው አንድ መድኃኒት ብቻውን እንኳ የመያዝን ዕድል በ81 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። አሁን የሚሰጡት በጣምራ ነው።

ሰዓቱ የሚባክነው ግን በዝምታ ነው። አዲሷ ነርስ ጓንቷን ታወልቅና ጣቷን አጥባ፣ ፋሻ ጠቅልላ ወደ ቀጣዩ አልጋ ታልፋለች። “ሪካፕ አድርገሽ ነው አይደል?” መባልን ትፈራለች፤ የራሷን ምርመራ ውጤትም ትፈራለች፤ ተማሪ ከሆነች ደግሞ ማርኳን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ለታካሚ በየቀኑ የምትናገረው እሷው ናት። የዎርዱ ኃላፊ የመጀመሪያ ጥያቄ “እንዴት ተወጋሽ?” ሳይሆን “ስንት ሰዓት ላይ?” ቢሆን ብዙ ነገር ይለወጥ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ መድኃኒቱ የሚጠይቀው ሰዓቱን ነውና።

ልምድም ብቻውን አያድንም። ካረን ዴሊ የተባለች አሜሪካዊት የድንገተኛ ክፍል ነርስ በ1998 ስትወጋ በሥራው ከ20 ዓመት በላይ ቆይታ ነበር። ሪካፕ አላደረገችም። መርፌዋን ወደ ሳጥኑ ስትጥል ሳጥኑ ውስጥ የነበረ ሌላ መርፌ ጣቷን ወጋት፤ ኤች አይ ቪም ሄፓታይተስ ሲም ያዟት። እሷ ዝም አላለችም። በሕዝብ ፊት ተናገረች፣ ለሕግ አውጪዎች መሰከረች፤ በኖቬምበር 2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን አሠሪዎች ደኅንነታቸው የተሻለ መርፌዎችን እንዲያቀርቡ የሚያስገድደውን ሕግ ፈረሙ። ዴሊ በኋላ የአሜሪካ ነርሶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆናለች።

የእኛው ቢጫ የካርቶን ሴፍቲ ቦክስ፣ የአምስት ሊትሩ፣ 100 ያህል ሲሪንጅ ይይዛል። ሦስት አራተኛው ሲሞላ መዘጋት አለበት፤ ከዚያ በላይ የሚጨምር ሰው የሚገፋው በጣቱ ነው። ጠዋት ርክክብ ላይ ስለ ግሉኮሱ ይነገራል፣ ስለ ሽንት ቱቦው ይነገራል፣ ማታ ስለተባባሰበት በሽተኛ ይነገራል። ሳጥኑ ግን ብዙ ጊዜ ስሙ ሳይነሣ፣ እንደ ሞላ ለቀጣዩ ተረኛ ይተላለፋል።