ንስሩን ከቅጠሉ መለየት

በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ፣ ከአሞራ ገደል ብዙም ሳይርቅ፣ ዓሣ አዳኝ ንስር በማለዳ የሚያርፍበት የሾላ ዛፍ አለ። ራሱና ደረቱ ነጭ፣ ሆዱ ቀይ ዳማ፣ ክንፉ ጥቁር ነው። ይህን የመሰለ ጎላ ያለ ወፍ ፎቶግራፍ ማንሣት ኦፕቲክስን ለዓመታት ላስተማረ ሰው ምን ይከብደዋል ብዬ ነበር። ከመጀመሪያው ማለዳ ይዤ የተመለስኩት ግን ከሁለት መቶ በላይ የቅጠል ፎቶግራፍ ነው፤ ንስሩ በቅጠሉ መካከል ተፈልጎ የሚገኝ ነገር ሆኗል።

በቦታው ቆሞ ለሚያይ ሰው ወፉ ወዲያው ይለያል፤ አንገቱን ባዞረ ቁጥር አንጎላችን ከዛፉ ይነጥለዋል። ካሜራው ግን አንድ ዐይና ነው፤ እንቅስቃሴንም ያቆማል። አውቶፎከሱም ቢሆን የብርሃን ልዩነት የጎላበትን ጠርዝ ስለሚሻ፣ ከንስሩ ላባ ይልቅ ከፊቱ የተጋረጠው ጭራሮ ይማርከዋል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ የወፍን ዐይን ለይተው የሚከተሉ ካሜራዎች ወጥተዋል። የእኔ ከእነርሱ ወገን ስላልሆነ፣ አንዲት የትኩረት ነጥብ ብቻ መርጬ በንስሩ ዐይን ላይ ማሳረፍን መልመድ ነበረብኝ።

ዋናው ችግር ግን ከወፉ በስተኋላ ያለው ዳራ ነው። ሌንሴ 400 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርዝመት አለው፤ የብርሃን ቀዳዳው በኤፍ 5.6 ተከፍቷል፤ ንስሩ በ20 ሜትር ርቀት ላይ ነው። በዚህ ሁኔታ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 84 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከንስሩ 2 ሜትር ወደኋላ ያለው ቅጠል ከዚህ ክልል ውጭ ቢሆንም፣ የአንዱ ነጥብ ብርሃን በሴንሰሩ ላይ የሚሠራው ክብ 0.13 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር የሚረዝመው ቅጠል ራሱ 1.8 ሚሊ ሜትር ሆኖ ስለሚቀረጽ ቅርጹን አይለቅም። ዳራው 40 ሜትር ወደኋላ ቢርቅ ግን ክቡ 0.95 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ የዚያ ቅጠል ምስል ደግሞ ወደ 0.67 ያንሳል። ቅጠሉ ከራሱ በሚሰፋ ክብ ውስጥ ይሟሟል፤ አረንጓዴ ቀለም ብቻ ይቀራል።

ቀመሩ ሌላም መንገድ ያሳያል፤ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ጥርት ያለው ጥልቀት ወደ ሩብ ይወርዳል። በሁለተኛው ማለዳ ይህን አምኜ ባለጀልባው ወደ 10 ሜትር እንዲያስጠጋኝ ለመንሁት። ንስሩ ዓሣ ይዞ እየበላ ነበር። ላባውን ሰበሰበ፣ አንገቱን አሰገገ፣ ኩሱን ጣለና ተነሣ፤ ግማሹ የተበላው ዓሣ ውኃ ውስጥ ወደቀ። ስሌቱ ትክክል ነበር፤ ቁርሱን ያጣው ግን እኔ አልነበርኩም። በጎጆው ላይ ያለ ወፍ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ ከዓሣ ባለፈ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ20 ሜትር አልቀረብኩም።

መፍትሔውን ያመጣው ባለጀልባው ነው። በማግሥቱ ከቅጠሉ ጋር ስታገል አይቶ፣ «ጋሼ፣ እሱን ተዉት፤ እኛ ወደ ጎን ዞር እንበል?» አለኝ። 5 ሜትር ያህል ቀዘፈ። ወፉ ባለበት ሳለ፣ ከእርሱ 2 ሜትር ወደኋላ ባለው ቅጠል ላይ የእይታ መስመራችን በግማሽ ሜትር ተዛወረ፤ ቅርንጫፉ ከዛፉ ጠርዝ የወጣ ስለነበረ ይኸው በቃ። ከንስሩ በስተኋላ 40 ሜትር ያህል የሚርቁት የማዶ ግራሮች ብቻ ቀሩ። ዝቅ ብሎ ሰማዩን ዳራ ማድረግም ይቻል ነበር፤ ለእኔ ግን እንዲህ ያለው ሥዕል የመታወቂያ ፎቶግራፍ ይመስለኛል።

አንድ ጣጣ ቀረ። የካሜራው መለኪያ ጠቆር ያለውን ዳራ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያነሣው ሲሞክር የንስሩን ነጭ ራስ ያቃጥለዋል፤ ሴንሰሩ አንዴ ከሞላ ደግሞ የላባው ዝርዝር አይመለስም። ስለዚህ አንድ ስቶፕ ያህል ብርሃን መቀነስ ግድ ሆነ።

ከአራተኛው ማለዳ ሥዕሎች አንዱ በትምህርት ክፍላችን ኮሪደር ተሰቅሏል። በግራ ጥጉ አንዲት ቅጠል ጅራቱን ትነካለች፤ ተማሪዎቼ ከንስሩ በፊት እርሷን ያያሉ።