ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ፦ ያማረ ሽኝት እንዴት እናዘጋጅ?

የሙሽራ ሽኝት በመጽሐፍ ቅዱስም አለ። በዘፍጥረት 24 ርብቃ ለመሄድ ፈቃደኛ መሆኗን መጀመሪያ ራሷ ተጠየቀች፤ ከዚያ ቤተ ሰቦቿ መርቀው ከሞግዚቷ ጋር ሸኟት። የሽኝት ልቡ ምርቃቱ ነው። ዛሬ ግን ይህችን ሰዓት ብዙ ጊዜ ቪዲዮ አንሺው ይወስዳታል። አባት ሊመርቁ አፋቸውን ሲከፍቱ «አንዴ ወደዚህ ዞር ይበሉ» ይባላሉ።

ወገኖች፣ ይፋግና አካባቢው ለሚጋቡ አማኞች ነገሩ ከፎቶ ያልፋል። ከዘመዶቻችን ብዙዎቹ ኦርቶዶክሳውያን ናቸው። ጸሎት ቤታችን የማይገቡ አጎት እንኳ በሽኝቱ ጠዋት ግቢው ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህ ቀኑን ከጾም ወራት አርቁት፤ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለም የጾም ወጥ ይሠራ። ምርቃቱን ለወላጆችና ለሽማግሌዎች ተዉላቸው፤ መጋቢው ስብከቱን ለጸሎት ቤት ያቆየው። (እኛ መጋቢዎች ማይክ ከያዝን መች እንለቃለን!)

ጨዋታም ይኑር። የሴቷ ወገን በር ይዞ ሚዜዎቹን የሚያስቸግርበት ልማድ በዝማሬ፣ በከበሮና በእልልታ ቢደረግ ሳቁ ራሱ ለፎቶ ያምራል። ሰዓቱ ጠዋት 2 ወይም 3 ይሁን፤ 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ዓይን ሥር ጥላ ትጥላለች። ጉልበት ሲሳም ፎቶ አንሺው ከጎን ይቁም፤ በወላጆችና በልጃቸው መካከል አይግባ።

ይፋግን የሚያቋርጠው የባሕር ዳር–ጎንደር አውራ ጎዳና ነው። ከወረታም ከአዲስ ዘመንም የሚመጣው መኪና ሰርገኛ አይቶ ላይቆም ይችላል። ለፎቶ ብሎ በመኪና መስኮት ላይ መቀመጥ ይቅር፤ ዝማሬውም ግቢው ውስጥ ይለቅ።