“ወደቀ” ከማለታችን በፊት፡- ብሔራዊ ፈተናና ልጆቻችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአዲሱ ዓመት መግቢያ ሰሞን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን በብዙ ምእመናን ቤት ከባድ ዝምታ ይሰፍናል። እናት ተስላለች፤ አባት ከጉርሱ ቀንሶ ለአስጠኚ ከፍሏል፤ ልጁ ግን ከክፍሉ አልወጣም። ዘመድ ደውሎ በመጀመሪያ የሚጠይቀው “አለፈ ወይስ ወደቀ?” ብሎ ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ ጥያቄ በልጆች ላይ የሚያሳድረውን ጫናና ክርስቲያን ወላጆች ሊያደርጉት የሚገባውን በአጭሩ እንመለከታለን።

ቁጥሩ ምን ይነግረናል?

ኩረጃንና የፈተና መሰረቅን ለመከላከል ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ጀመረ፤ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ለመግባትም ግማሽና ከዚያ በላይ ማምጣት ግድ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች ይህን ነጥብ ያገኙት 27,267 ወይም 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ዓ.ም. ያለፉት 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነዋል።

አንድ ትምህርት ቤት በሙሉ አንድም ልጅ ካላሳለፈ ምክንያቱ የልጆቹ ስንፍና ብቻ ነው ማለት አይቻልም። የመጻሕፍት እጥረት፣ የመምህራን አለመሟላት፣ በጦርነት ምክንያት የተዘጉ ትምህርት ቤቶች ሁሉ በዚያ ቁጥር ውስጥ አሉ። ውርደቱን ብቻውን የሚሸከመው ግን ልጁ ነው።

ይህን ስንል ፈተና አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። የባለጸጋውም የድሃውም ልጅ በአንድ ጥያቄ መመዘኑ፣ በኩረጃ ማለፍም መቀነሱ ለታታሪው ተማሪ ፍትሕ ነው። ስሕተቱ የትምህርት መለኪያ የሆነውን ነጥብ የልጁ ክብር መለኪያ ማድረጋችን ነው።

በእውነት የወደቀው ማን ነው?

በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ “ወደቀ” የምንለው በኃጢአት ለተሸነፈ ሰው ነው፤ ለእርሱም ቢሆን የንስሓ በር ክፍት ነው። በሐቅ አጥንቶ፣ በሐቅ ተፈትኖ ዝቅተኛ ነጥብ ያመጣ ልጅ አልወደቀም፤ ያልበቃው ነጥቡ ነው። የሌላውን መልስ ሰርቆ ከፍተኛ ነጥብ ያመጣ ግን በሰው ዘንድ “አለፈ” ቢባልም በእግዚአብሔር ፊት የወደቀ እርሱ ነው። ልጁ እንዲኮርጅ ገንዘብ የከፈለ ወላጅም የልጁ ውድቀት ተካፋይ ነው።

ጌታችን ስለ መክሊቱ ባስተማረው ምሳሌ አምስት የተቀበለውና ሁለት የተቀበለው ያተረፉት እኩል አልነበረም፤ ከጌታቸው የሰሙት ምስጋና ግን አንድ ነበር (ማቴ. 25፥14-30)። የተወቀሰው የተሰጠውን የቀበረው ነው። እንግዲያው ልጃችንን “የእገሌ ልጅ ስንት አመጣ?” እያልን ከማነጻጸር “የተሰጠህን ምን አደረግህበት?” ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ስድስት ጊዜ የወደቀው ትል

ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ ዳዊት መማር ከብዶት ነበር። መምህሩ ጌዴዎን ቢገርፉትም ትምህርቱ ስላልገባው ተስፋ ቆርጦ ሸሸ። በመንገድ ከዛፍ ሥር አርፎ ሳለ አንድ ትል ፍሬውን ለመብላት ወደ ዛፉ ሲወጣ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ሲሳካለት ተመለከተ። ተጽናንቶ ተመለሰ፤ መምህሩም ይቅርታ አድርገው ተቀበሉት። የቤተ ክርስቲያናችን የዜማ አባት የሆነው ይህ ልጅ ነው። በመጀመሪያው ቀን ነጥብ ብቻ ተመዝኖ ቢሆን ኖሮ ስሙ ከሰነፎች ጋር ይጻፍ ነበር።

የአብነት ትምህርት ቤታችንም ይህንኑ ያስተምራል። በቅኔ ቤት ተማሪው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ መምህሩ እያረሙለትና ደረጃ በደረጃ እያሳደጉት እስከ መወድስ ይደርሳል። ያልገባው ይደግማል እንጂ በአንድ ቀን ፈተና ከጉባኤው አይባረርም። ቅዱስ ያሬድን ተስፋ ያስቆረጠው ዱላ እንደ ነበረ ግን አንርሳ፤ ሐዋርያው ጳውሎስም አባቶች ልጆቻቸውን በማስቆጣት ልባቸው እንዲዝል እንዳያደርጉ አስጠንቅቋል (ቆላ. 3፥21)።

ወላጆች ምን እናድርግ?

ከፈተናው በፊት፡- ልጆች በቂ እንቅልፍና ምግብ እንዲያገኙ፣ ከጸሎትና ከቅዱስ ቁርባን እንዳይርቁ እንርዳቸው። ስለት የምስጋናና የእምነት መግለጫ እንጂ ከእግዚአብሔር ጋር የሚደረግ ንግድ አይደለም። “ለትምህርት የሚገልጥ መድኃኒት” ፍለጋ ወደ ጠንቋይ መሄድ ደግሞ ፍጹም የተከለከለ ነው።

ከውጤቱ በኋላ፡- ልጁ ከእኛ አፍ የሚሰማው የመጀመሪያው ቃል ዕድሜውን ሁሉ አይረሳውም። ስለዚህ አስቀድመን እንቀፈው፤ ምክክሩ ይደርሳል። የማካካሻ ትምህርት፣ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና፣ ደግሞ መፈተን ሁሉም ክፍት መንገዶች ናቸው። ምግብ ከተወ፣ ከሰው ከራቀ ወይም ስለ ሞት ማውራት ከጀመረ ግን “ይለፍለታል” ብለን አንዘግይ፤ ብቻውን ሳንተወው ወዲያውኑ ወደ ንስሓ አባቱም ወደ ሐኪምም እንውሰደው።

ላለፉትም ምክር አለን፤ ያገኙት ነጥብ አደራ እንጂ መመኪያ አይደለም። በሰንበት ትምህርት ቤት አጠገባቸው የተቀመጠውን ያልተሳካለት ወንድማቸውን ለቀጣዩ ፈተና ቢያስጠኑት ያኔ መክሊታቸው አተረፈ ይባላል።

አምላከ ቅዱስ ያሬድ ለልጆቻችን ማስተዋልን፣ ለእኛም ትዕግሥትን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።