በጉበትና በጣፊያ ላይ የሚወጣ ከረጢትና የትንሽ ቀዳዳ ቀዶ ሕክምና



በዐረፋ ማግስት ከአጠና ተራ እስከ ዓለም ባንክ ውሾች በየደጁ ተኮልኩለው እናያለን። ከኡድሒያው በግ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ስናገኝ ቆርጠን እንወረውርላቸዋለን። መቅበር ነበረብን፤ ያውም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቀት። በከረጢቱ ውስጥ ያለው የትል ዘር በውሻው አንጀት ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ባልታጠበ ሰላጣና በልጆች እጅ ወደ ሆዳችን ይገባል። ከዚያም በጉበት፣ አልፎ አልፎም በጣፊያ ላይ ለዓመታት ሳያም ያብጣል።

አልትራሳውንድ ያሳየዋል። አንዳንዱ በአልቤንዳዞል ይታከማል፤ ሌላው ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። «ሆዴ ሊቀደድ ነው» ብሎ የሚሸሽ ብዙ ነው። ሆኖም ጀርመናዊው ሐኪም ኤሪክ ሙሄ እ.ኤ.አ. በ1985 የሐሞት ከረጢትን በትንሽ ቀዳዳ ካወጣ ወዲህ ሌላ መንገድ ተከፍቷል። ታማሚው በማደንዘዣ ይተኛል፤ ሆዱ በጋዝ ይነፋል፤ ጣት በማያክሉ ሦስት አራት ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያዎች ይገባሉ፤ ሐኪሙ በቴሌቪዥን እያየ ይሠራል። ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ ታማሚው ቶሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ለሁሉም ግን አይሆንም። የከረጢቱ ውሃ ሆድ ውስጥ ከፈሰሰ ብርቱ አለርጂ ያስነሳል፤ አዲስ ከረጢትም ይዘራል። ስለዚህ ከትልቅ የደም ሥር የተጠጋውን ሐኪሙ በሰፊው ከፍቶ ማውጣት ሊመርጥ ይችላል፤ ይህን እንደ ኋላ ቀርነት አንቁጠረው።

ጣፊያ ጭራሽ የሚወጣ ከሆነ የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ክትባት ቢቻል ከሁለት ሳምንት በፊት መወሰድ አለበት። ከዚያ በኋላ ትኩሳት ሲሰማ አንድ ቀንም ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መሄድ፣ ወባ ወዳለበት ቆላ ከመውረድም በፊት ማማከር ነው።