የገና ጌጥ በልጆች እጅ

ታኅሣሥ በገባ ቁጥር በአዲስ አበባ መደብሮች ደጃፍ የሚታየው ትርኢት የታወቀ ነው። የላስቲክ ጥድ፥ የሚያብረቀርቅ ክር፥ ቀይና ወርቅማ ኳስ ተደርድሮ ገዢውን ይጠብቃል። ደመወዙን የተቀበለ ወጣት ሠራተኛ የልጁን እጅ ይዞ ሲያልፍ ልጁ ይቆማል፤ አባትም ኪሱን ይዳብሳል። ዋጋው ተጠይቆ፥ ተከራክሮ፥ ተከፍሎ ዕቃው ቤት ይገባል። ልጁ ግን አንድ ጊዜ ነክቶት «ተው፥ ትሰብረዋለህ» ከተባለ በኋላ ጌጡ የትልልቆቹ ሆኖ ይቀራል። በዛሬው ጽሑፋችን ለማንሣት የፈለግነው ይህንኑ ነው፤ ይኸውም ልጆች ራሳቸው፥ ከቤት በማይታጣ ዕቃ፥ የገና ጌጥ ቢሠሩ ሥራው ምን ያህል ቀላል እንደሆነ፥ እኛ ትልልቆቹም እንዴት እንደምናበላሽባቸው ነው።

«ዛፉ የውጭ አገር ልማድ ነው፤ ጌጡም ከውጭ ቢመጣ ምን ይደንቃል?» የሚል አይጠፋም። ልማዱ ከውጭ መምጣቱስ እውነት ነው። ነገር ግን እዚያም ቢሆን ሲጀመር ከገበያ የተገዛ ጌጥ አልነበረም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1605 ዓ.ም. በስትራስቡርግ ከተማ የነበረውን የገና አከባበር የገለጸ አንድ ጽሑፍ፥ ሰዎች በየቤታቸው ጥድ አቁመው ከባለ ልዩ ልዩ ቀለም ወረቀት የተቆረጠ ጽጌረዳ፥ ፖም፥ ስስ ቂጣና ስኳር ይሰቅሉበት እንደነበር ይናገራል። የብርጭቆው ኳስ ላውሻ ከምትባለው የጀርመን መንደር ወጥቶ በዓለም የተሠራጨው ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ፥ በ19ኛው መቶ ዓመት ነው።

ለዛፉ ሲባል ለጋ ጥድ መቁረጥ አያስፈልግም። ከአጥር ላይ የተገረዘ ቅርንጫፍ፥ ደረቅም ቢሆን፥ ጠጠር በሞላው የወተት ጣሳ ውስጥ ቢተከል ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጊዜውም ሰፊ ነው፤ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ቀን ከሚገባበት እስከ ገና፥ ማለት እስከ ታኅሣሥ 29 ቀን (በዘመነ ዮሐንስ እስከ 28)፥ ስድስት ያህል ቅዳሜዎች አሉ። ለልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ዐይነት ጌጥ ይበቃዋል።

በመጀመሪያ ሙጫ ያስፈልጋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ፥ በአንድ ሲኒ የፈላ ውኃ ላይ እያማሰሉ መጨመርና እስኪወፍር ማንተክተክ ነው። ሲበርድ ልጁ በጣቱ ይቀባዋል። በሁለት ጣት ስፋት የተቆረጠ ወረቀት እየጠቀለሉ፥ አንዱን በሌላው ውስጥ እያሳለፉ ሲያጣብቁት ሰንሰለት ይሆናል። ያለቀ ደብተር ሽፋን፥ የከረሜላ ወረቀት፥ የቡና መያዣ ከረጢት ብርማ ውስጡ ሁሉ ለዚህ ይሆናል፤ አንባቢያችንም ይህንኑ ጋዜጣ አንብበው ሲጨርሱ ለዚሁ ቢያውሉት ቅር አይለንም። የሦስት ዓመት ልጅ ወረቀቱን ይቀዳል፥ የአራቱ ሙጫ ይቀባል፥ የስድስቱ ጫፉ በደነዘዘ መቀስ ይቆርጣል።

እኛ አብልጠን የምንወደው የአገዳ ኮከብ ነው። መኸሩ የሚሰበሰብበት ወራት ስለሆነ፥ በሬ ያልረገጠው የስንዴ አገዳ ከገጠር ከሚመጣ ሰው ይገኛል። እሱም ከታጣ ከእናት ስፌት የተረፈ ስንደዶ ይበቃል። አገዳው እንዳይሰነጠቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ለብ ባለ ውኃ ይዘፈዘፋል። ከዚያም እኩል የተቆረጡ አራት አገዳዎች መካከላቸው ላይ ተመሳቅለው፥ ክሩ አንዱን ከላይ ሌላውን ከታች እያለፈ ይዞርና ይታሰራል። ስምንት ጨረር ያለው ኮከብ ይወጣል። ከእናት ቀይና አረንጓዴ አክርማ ተርፎ እንደሆነ በክር ፈንታ እሱን ማዞር ይቻላል፤ ያን ጊዜ ኮከቡ የአገር ቤት ሌማት ይመስላል።

ሁለት ሲኒ ዱቄት፥ አንድ ሲኒ የደቀቀ ጨውና አንድ ሲኒ የማይሞላ ውኃ አብሮ ቢታሽ ደግሞ ሊጥ ይሆናል። ሊጡ ተዳምጦ በሲኒ አፍ ይቆረጣል፤ ሳይደርቅ በስንጥር ይበሳል፤ በታኅሣሥ ፀሐይ እየገለባበጡ ጥቂት ቀን ማድረቅ ነው። ልጆቹ መልአክና በግ ሊሠሩ ይችላሉ። እኛ ግን የገናን ጨዋታ እንዳይረሱ እንመክራለን፤ ከሊጡ ትንሽ ሩር፥ ከጭራሮም ጫፉ የቆለመመ ዱላ ሠርተው ጎን ለጎን ቢሰቅሉ፥ አያት መጥተው ሲያዩት ወሬው ይጀመራል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት ሳንናገር አናልፍም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በእኅታችን ቤት ከአምስት ዓመት ልጇ ጋር ኮከብ ስንሠራ አመሸን። የልጁ ኮከብ አንዱ ጨረሩ የረዘመ፥ አንዱ የተሰበረ፥ ክሩም እንደ ወፍ ጎጆ የተጠላለፈ ነበር። እሱ ከተኛ በኋላ፥ በቅንነት፥ ክሩን ፈታን፤ አገዳውን በመቀስ አስተካክለን እንደገና አሠርንና ሰቀልነው። እንዲያውም ደስ ብሎን ነበር። ጧት ልጁ ከዛፉ ሥር ቆሞ ጥቂት ተመለከተና «ጋሼ፥ የኔስ የታለ?» አለን። «ያውልህ፥ ከላይ ያለው» አልነው። «ያ የርስዎ ነው» አለና ሄደ። ከቆሻሻ መጣያው የተቆረጠውን የአገዳ ጫፍ ለቅሞ በእጁ ይዞ ሲመለስ የምንለው ጠፋን። በዚያ ዓመት ሌላ ጌጥ አልሠራም፤ ብንለምነውም እንቢ አለ።

ቀጥ ያለ ኮከብ የሚወድ ትልቅ ሰው እንግዲህ የራሱን ሠርቶ ከልጁ አጠገብ ይስቀል። የልጁ ግን የተጣመመውም ቢሆን እንግዳ በሚያየው በፊት ለፊት ይሁን።

ስለ አደጋም ጥቂት እንበል። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ባቄላ፥ ዶቃና ቆርኪ አይሰጥም፤ ያንቀዋል። የጨው ሊጥም አይበላም፤ ብዙ ጨው ሕፃንን ይጎዳልና። በረዶ እንዲመስል ጥጥ በዛፍ ላይ የሚበትኑም አሉ። የኛ በረዶ የሚወርደው በክረምት መሆኑ ቀርቶ፥ ጥጥና ወረቀት ባለበት ሻማ ወይም ጧፍ ማብራት ቤት ማቃጠል ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1882 ዓ.ም. የኤዲሰን ባልደረባ ኤድዋርድ ጆንሰን በኒውዮርክ ቤቱ የገና ዛፍን በኤሌክትሪክ አምፖል እስካበራበት ጊዜ ድረስ ዛፍ ላይ የሚበራው ሻማ ነበር።

በዓሉ ሲያልፍ ጌጡን መጣል አይገባም። በየጌጡ ጀርባ የልጁ ስምና ዓመተ ምሕረቱ ይጻፍበት። ወረቀቱና አገዳው በጫማ ካርቶን ይቀመጣል፤ የጨው ሊጡ ግን የክረምት እርጥበት ስለሚያልሰው፥ አይጥም ስለሚወድደው፥ ክዳኑ በሚገጥም ጣሳ ውስጥ በደረቅ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከፍ ካለ ቦታ ይዋል።