ከሕፃን ዓይን እስከ አያት ዓይን፤ የትራኮማ ጉዞ

በገጠሩ የአገራችን ክፍል ብዙ እናቶች ወረንጦ ከአጠገባቸው አይለዩም። ወረንጦው እሾህ ማውጫ ብቻ አይደለም፤ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ዓይንን የሚወጋ ሽፋሽፍትም ይነቀልበታል። የዚህ ሥቃይ ምንጭ ትራኮማ ነው። ለመሆኑ አዋቂዎችን ለዓይነ ስውርነት የሚዳርገው ይህ በሽታ መነሻው ከወዴት ነው?

ሕዋስ ውስጥ የተደበቀ ተሕዋስ

የትራኮማ መንስኤ ክላሚድያ ትራኮማቲስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ ሕያው ሕዋስ ውስጥ ካልገባ ሊራባ ስለማይችል ሳይንቲስቶች ለረጅም ጊዜ ከቫይረስ ወገን ይቆጥሩት ነበር። ከሕዋስ ውጭ ሲሆን ትንሽና ጠንካራ ነው፤ አይራባም። የዓይን ቆብን የውስጥ ገጽ በሚሸፍነው ስስ ልባስ ሕዋሳት ውስጥ ሲገባ ግን መልኩን ለውጦ መከፋፈል ይጀምራል። ከሁለት እስከ ሦስት ቀናት ባለው ጊዜ ሕዋሱ ሞልቶ ይፈነዳል፤ አዲሶቹም ጎረቤት ሕዋሳትን ይወርራሉ።

ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ መያዝ አያሳውርም። ተሕዋሱ በልጅነት ደጋግሞ ሲመላለስ፣ ሰውነት እርሱን ለመከላከል የሚያስነሣው ብግነት በዓይን ቆብ ላይ ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው ከዓመታት በኋላ ሲኮማተር ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ይቀለብሳል። ሽፋሽፍቱም ብርሃን የሚያስገባውን ጥርት ያለ የዓይን ክፍል፣ ኮርኒያን፣ እየፋቀ ያደፈርሰዋል።

መተላለፊያ መንገዶቹ

ተሕዋሱ በብዛት የሚገኘው በትንንሽ ልጆች ዓይን ነው። በዓይናርና በንፍጥ፣ በጣት፣ የልጅ ፊት በተጠረገበት የነጠላ ጫፍ፣ እንዲሁም ፊት ላይ በሚያርፍ ዝንብ ይተላለፋል። ይህ ዝንብ የሚራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው። ልጆችን የሚያቅፉትና የሚንከባከቡት በአብዛኛው ሴቶች በመሆናቸው የሽፋሽፍት መቀልበስ ከወንዶች ይልቅ በእነርሱ ላይ ይበረታል።

የጎንቻ ሲሶ እነሴ ማስረጃ

ልጆች የተሕዋሱ ዋና ማደሪያ ከሆኑ፣ እነርሱን ማከም አዋቂዎችን ይጠብቃልን? ይህ ጥያቄ የተፈተነው በምሥራቅ ጎጃም ነው። ካርተር ማዕከልና በሳንፍራንሲስኮ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮክተር ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ጥናት አካሄዱ። በተመረጡ መንደሮች ከ1 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች ብቻ በየሦስት ወሩ አዚትሮማይሲን የተባለ መድኃኒት ተሰጠ። በአንድ ዓመት ውስጥ በልጆቹ ዘንድ የነበረው ኢንፌክሽን ከ48 በመቶ ወደ 4 በመቶ ገደማ ወረደ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን መድኃኒቱን ያልወሰዱት የእነዚያው መንደሮች ነዋሪዎች ኢንፌክሽንም በግማሽ ያህል መቀነሱ ነው። የልጁ ዓይን ሲጸዳ የአያቱም ዓይን ተጠበቀ።

ሆኖም ድሉ ዘላቂ አልነበረም። በዚያው ወረዳ በቀጣይ በተደረገ ጥናት፣ ሕክምናው በተቋረጠባቸው መንደሮች ኢንፌክሽኑ መልሶ አንሰራራ። መድኃኒት ተሕዋሱን ይገድላል እንጂ የሚመለስበትን መንገድ አይዘጋም።

ስለዚህም መከላከያው አራት ምሰሶዎች አሉት፦ የተቀለበሰን ሽፋሽፍት በቀዶ ሕክምና ማስተካከል፣ መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕና፣ እንዲሁም ውኃና መጸዳጃ ቤትን ያካተተ የአካባቢ ንጽሕና። የመጀመሪያው ትናንት የደረሰውን ጉዳት ይጠግናል፤ ሦስቱ የነገውን ይከላከላሉ። በዕረፍት ወደ ወላጆቹ ቀዬ የሚመለስ ተማሪ የታናናሾቹን ፊት ማጠብ ቀላል ሥራ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ሽፋሽፍት ከመቀልበሱ ከብዙ ዓመታት በፊት የበሽታው ሰንሰለት የሚበጠሰው በዚያ ነው።